ለወታደሩ በሩን የከፈተለት ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፓኪስታን የወጣው ጽሑፍ የአገሪቱን ፖለቲካዊ መከራ የሚጀምረው በ1958 ጄኔራል አዩብ ኻን ሥልጣን ከያዙበት ቀን ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጸሐፊው እንደደከሙበት ያስታውቃል፤ ታሪኩን ግን ከወገቡ ነው የጀመሩት።

ነጻነት በነሐሴ 1947 መጣ። መሥራቹ ሙሐመድ አሊ ጂናህ በዓመቱ ዐረፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያቃት አሊ ኻን በ1951 ራዋልፒንዲ ውስጥ ሕዝብ ፊት እንደቆሙ በጥይት ተገደሉ። ሕገ መንግሥት እንዲያረቅ የተሰየመው ጉባኤ ሰባት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ የጠቅላይ ገዥውን (በእንግሊዝ ዘውድ ስም የርእሰ ብሔርነቱን ሥራ የሚሠራውን ሹም) ሥልጣን የሚቀንስ ሕግ አወጣ፤ ወር ቆይቶ፣ በጥቅምት 1954፣ ጠቅላይ ገዥው ጉላም ሙሐመድ በተኑት።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያላነሳው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አፈ ጉባኤው ተሚዙዲን ኻን ክስ ለመመሥረት ተነሡ። ፖሊስ እንዳይዛቸው ቡርቃ ተከናንበው በሪክሾ ካራቺ ፍርድ ቤት ደረሱ እየተባለ ይወራል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ይኸው የሲንድ ክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ1955 ግን ይግባኙን ያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በዋና ዳኛው ሙሐመድ ሙኒር መሪነት፣ ጉባኤው መበተን ነበረበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ሳይነካ አለፈው። የሲንድ ፍርድ ቤት ክሱን እንዲያይ ያስቻለው ሕግ የጠቅላይ ገዥው ፊርማ የለበትም፤ ስለዚህ ሕግ አይደለም አለ። ያንን ሕግ ያወጣው ራሱ የተበተነው ጉባኤ ነበር፤ ለዓመታትም እንዲህ ዓይነት ፊርማ ሳይጠይቅ ሕግ ሲያወጣ ኖሯል። እንግዲህ ተበዳዩ አቤት ለማለት የበዳዩን ፊርማ ይዞ መምጣት ነበረበት ማለት ነው! በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ኮርኔሊየስ ብቻ ናቸው።

ስለ ምሥራቅ ቤንጋል፣ ያን ጊዜ የፓኪስታን ክፍል ስለነበረችው ስለ ዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ ይገባ ነበር። በ1952 ዳካ ላይ ተማሪዎች ቋንቋችን ይከበር ብለው በጥይት ወደቁ፤ በ1954 ምርጫ የተመረጠው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ሁለት ወር ሳይሞላው ተሻረ። ይህን ሁሉ ያደረገው የሲቪል መንግሥት ነው።

በጥቅምት 1958 ፕሬዚዳንት ኢስካንደር ሚርዛ በመጨረሻ በ1956 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት ሽረው ወታደራዊ አገዛዝ ሲያውጁ፣ ያው ሙኒር የሚመሩት ፍርድ ቤት የተሳካ ግልበጣ የራሱን ሕግ ይወልዳል ብሎ በዚያው ወር በ27 ፈረደ። በዚያው ምሽት አዩብ ኻን ሚርዛን ከሥልጣን አወረዷቸው።

አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ