ክታብ አይደለም፣ ልጄ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የኔ ጉልበት ያው ነው። የእናትሽ ስኳር ትንሽ ወርዷል።

በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። ስልክ ላይ «አባዬ ደግሞ፣ አትጨናነቅ» ትይኛለሽ፣ ከዚያ የምትጠብቂያት አሮጊት ሲኞራ ትጠራሻለች፣ አለቀ። ስለዚህ ጻፍኩት። እናትሽ ነገረችኝ። እንዳትቆጪያት፣ ሦስት ቀን በሆዷ ይዛው እንቅልፍ አጥታ ነው። ስለ ጡት ለሴት ልጁ መጻፍ ለአባት ይከብዳል። ቢከብድም እብጠቱን ካገኘሽው ሦስት ወር ሆኖሻል። ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ሰርዘሻል። አንዲት ሴት «ልዩ ቡራኬ ያለው ነው» ብላ የእመቤታችንን ሜዳሊያ በ50 ዩሮ ሸጠችልሽ። ዘጠኝ ቀን እብጠቱ ላይ አስረሽ «ከዚያ እናያለን» አልሽ።

ምኑን ነው የምናየው?

ሜዳሊያ ክታብ አይደለም። አያትሽ ይህን ስትል ስንቴ ሰምተሻታል። ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ ይታሰራል፣ ውስጡ ምን እንደተጻፈ ያሰረው ሰው እንኳ አያውቅም። የሜዳሊያ ጽሑፍ ግን ውጪ ነው። በተአምረኛዋ ሜዳሊያ ላይ የተጻፈውን አንብቢው፦ «ያለ ኃጢአት የተፀነስሽ ማርያም ሆይ፣ ወደ አንቺ ለምንማፀን ለእኛ ለምኚልን።» ልመና ነው። ልመናውን ብረቱ አይልልሽም፣ አፍሽ ነው የሚለው።

ደግሞ ቡራኬ አይሸጥም። በሐዋርያት ሥራ ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሞክሮ ጴጥሮስ ምን እንዳለው ታውቂያለሽ። የሚሸጠው ብረቱ ነው፣ ሱቅ ውስጥ፣ በብረት ዋጋ። ከዚያ ወደ ካህን ትወስጂዋለሽ። ጸሎት ያደርሱበታል፣ በመስቀል ምልክት ያማትቡበታል፣ ጸበል ይረጩታል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልዩ ቡራኬ፣ ተራ ቡራኬ የሚባል ገበያ የለም። 50 ዩሮውን ተይው፣ ሄዷል። ሜዳሊያውን ግን አትጣይው፣ እሱ ምን አጠፋ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ስጪያቸውና ይባርኩልሽ።

ቡራኬው እንደ ባትሪ ብረቱ ውስጥ አይሞላም። ሜዳሊያ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አይደለም። እንደ ቁርባን ጸጋ አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው አብሮሽ የሚሆነው፣ ልብሽን ለጸጋ እንዲያዘጋጅ። ማተብሽ ላይ አድርጊው፣ ጠዋት ሳሚው፣ ማታ ጸልዪበት። ቀጠሮሽን ግን እንዳታሳልፊ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ ማዕድ ላይ ሁልጊዜ በወንድምሽ ግራ በኩል ነበር የምትቀመጪው። ማንም ሳይነግርሽ ለመድሽው። ቀኝ ጆሮው ሲወለድ ጀምሮ እንደማይሰማ ነግረናችኋል። ውሸት ነው። ውሸቱም የኔ ነው።

አራት ዓመቱ ነበር፣ አንቺ አልተወለድሽም። እምድብር ገጠር ነበርን፣ ክረምት ነው። ትኩሳቱ ማታ ጀመረው። ሌሊት ላይ አንገቱ ደረቀ። እናትሽ ነጠላዋን ታጥቃ «አሁን እንሂድ» አለች። ጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በሩን ከፍቼ ዝናቡን አየሁት። የእናቴን ሜዳሊያ ከግድግዳ አውርጄ አንገቱ ላይ አሰርኩና «ነገ እናያለን» አልኳት። በማግስቱ ቀለል ያለው መሰለኝ። ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ማጅራት ገትር ነበር። ሐኪሙ «ከትናንት ወዲያ ብታመጣው ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ቶሎ ብወስደው ጆሮው ይተርፍ ነበር ወይ? ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ በዚያ ሌሊት አንዲት ጸሎት እንኳ አላደረስኩም። አስሬለት ተኛሁ። ሜዳሊያውን ክታብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እናትሽ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ «እናያለን» የሚለውን ቃል ከአንቺ አፍ መስማት አልችልም።

ሜዳሊያዋን ለዓለም ያስተዋወቀችው ቅድስት ካትሪን ላቡሬ ምን ስትሠራ እንደኖረች ታውቂያለሽ? እመቤታችን በ1830 (በፈረንጅ ነው) ፓሪስ ባክ መንገድ በሚገኘው የሲስተሮች (የካቶሊክ ደናግል) ቤት ስትገለጥላት 24 ዓመቷ ነበር። ለንስሐ አባቷ ነገረች፣ ከዚያ ዝም። በ1832 ፓሪስን ኮሌራ ሲመታት ሲስተሮቹ ሜዳሊያውን ማደል ጀመሩ፣ ድውያንንም ያስታምሙ ነበር። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። «ተአምረኛ» ያላት ሕዝቡ ነው እንጂ ስሟ የንጽሕት ፅንሰት ሜዳሊያ ነበር። ካትሪን ግን ከ40 ዓመት በላይ በአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎች ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ዶሮ ስትጠብቅ ኖረች። አብረዋት የሚኖሩት ሲስተሮች እንኳ ማን መሆኗን ያወቁት ልትሞት ስትል ነው። እንዳንቺ አሮጊት ታነሳ ነበር ማለት ነው፣ የኔ ቆንጆ። በሽተኛን በሜዳሊያ ብቻ አላሰናበተችም።

እኛ አገር አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው፣ በ1839 የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም ካትሪን ከነበረችበት ከዚያው ከቅዱስ ቪንሰንት የመንፈሳዊ ማኅበር ቤተሰብ የወጡ ካህን ናቸው። ስለዚያ ስትመጪ እናወራለን።

ማክሰኞ ቀጠሮ እንዲሰጡሽ ነገ ጠዋት ደውዪ። ሲኞራዋን የሚጠብቅ ጠፋ ካልሽ ያቺ የሐዋሳ ልጅ ለግማሽ ቀን ትተካሽ፣ ዋጋዋን እኔ እልካለሁ። የድሮ የምርመራ ወረቀት ካለሽ ያዢ። ጣሊያንኛው ካስቸገረሽ ሰው ይዘሽ ግቢ፣ ብቻሽን ገብተሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ እንዳትወጪ። አያትሽ በምን እንደሞተች ለሐኪሙ ንገሪው። ይህን እንዳትረሺ።

ከሐኪም ቤት ስትወጪ፣ ከወጣሽ በኋላ ነው ያልኩት፣ እዚያው ሮም ከስፔን ደረጃዎች አጠገብ ሳንት አንድሪያ ደሌ ፍራቴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ራቲስቦን የሚባል አይሁዳዊ፣ ሜዳሊያውን ጓደኛው ሲያስጨንቀው እየቀለደ ያጠለቀው፣ በጥር 1842 ያመነው እዚያ ነው። ለእኔም አንድ ሻማ አብሪልኝ።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣው ሰው ልኬያለሁ። በርበሬው ጨው አልገባበትም። በከረጢቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ስትከፍቺ ተጠንቀቂ። የእናቴ ሜዳሊያ ነው። ያው ራሱ ነው፣ ወንድምሽ ላይ ያሰርኩት። ፊቱ ተፍቆ ከጀርባው «ኤም» ፊደሏና ከዋክብቱ ብቻ ናቸው የሚታዩት። እንደገና ይባረክ ብለሽ አትድከሚ፣ የተባረከ ነው። እኔ ነኝ ያልተጠቀምኩበት።

ለወንድምሽ ትናንት ማታ ነገርኩት። በግራው በኩል ተቀምጬ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «የሷ ቀጠሮ መቼ ነው?» አለኝ።

አባትሽ