ግድግዳዬ ላይ የቆመው ሰዓት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ስለ ፍልስፍና ዘርፎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛ ጋብ ሲልልኝ ሁለቴ አነበብኩት። ሜታፊዚክስ፣ ኢፒስቴሞሎጂ፣ ኤቲክስ፣ ሎጂክ፣ ኤስቴቲክስ። ስም ደረደራችሁ፣ ፍቺ ሰጣችሁ፣ አበቃ። ጥያቄዎቹስ? ማሽኑ የወጣ ሰዓት ነው የሰጣችሁን። የእኛን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብንም ዘላችሁታል። በስሙ የሚታወቀውን የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታን፣ ማን ጻፈው የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱም ቢሆን ቢነሳ ጥሩ ነበር።

ሱቄ ግድግዳ ላይ ቆሞ የከረመ ትልቅ ሰዓት አለ። አራት ከሩብ ላይ ቀርቷል። የሰው ስሠራ ውዬ ለራሴ አልደርስም። አንድ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ደንበኛ ቀና ብሎ አየውና «ውይ፣ አራት ከሩብ ሆነ!» ብሎ ተፈተለከ። «ኧረ የቆመ ነው» ልለው አፌን ስከፍት የእጄን ሰዓት አየሁ። አራት ከሩብ! አፌን መልሼ ገጠምኩ።

ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሆነ አወቀ ወይስ አላወቀም? ያመነው ነገር እውነት ነው። ምክንያትም አለው፤ ሰዓት ሠሪ ቤት ያለ ሰዓት ማን ይጠረጥራል? ግን ያየው የሞተ ሰዓት ነው። ማታ ለልጄ ነገርኳት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሳቀችብኝ። ለካ በርትራንድ ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የቆመ ሰዓት አንስቶታል። ዕውቀት ማለት በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት ነው የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ኤድመንድ ጌቲየር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ሦስት ገጽ በምታክል ጽሑፍ አናጋው። ዕውቀት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው፣ ኢፒስቴሞሎጂ ያላችሁት ይሄው ነው እንግዲህ።

ሜታፊዚክሱም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አንድ አዛውንት ማሽኑን፣ መስታወቱንና ማሰሪያውን የቀየርኩላቸውን ሰዓት ዛሬም «የአባቴ ሰዓት» ይሉታል። ከአባታቸው የቀረው ክዳኑ ብቻ ነው። ታዲያ ያው ሰዓት ነው ወይስ ሌላ? እኔም ዋጋዬን ተቀብዬ ዝም አልኩ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኤቲክሱ፣ ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ነው። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ስንወጣ የደንበኞቼን ሰዓቶች በፌስታል ቋጥሬ ነበር የወጣሁት። ከተመለስን በኋላ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ወሰዱ። አንድ ሲኮ ግን ቀረ። የሰጠኝ ሰው ስልክ አልተወልኝም፤ እኔም ስሙን አልጻፍኩም። በሕይወት ይኑር አይኑር እንጃ። ሚስቴ «ሽጠውና ለልጅቷ ወጪ ይሁን፤ ተቀምጦ ለማን ይጠቅማል?» ትለኛለች። ቀላል ክርክር አይደለም። ድርጊት በውጤቱ ይመዘን የሚሉት ፈላስፎች፣ እነ ቤንታም፣ ለእሷ ሳያደሉ አይቀሩም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ግን ለእኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1788 በወጣ መጽሐፉ የእኔን የሚመስል ጉዳይ ያነሳል፦ ባለቤቱ የሞተ፣ በጽሑፍም ያልሰፈረ አደራ እጄ ላይ ቢኖር ልካደው? ማስረጃ የሌለውን አደራ ሁሉም ሰው ይካድ ከተባለ፣ ይላል ካንት፣ አደራ የሚባል ነገር ራሱ አይኖርም። እናቴ ካንትን አታውቅም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ትል ነበር።

በሚቀጥለው ስትጽፉ እንዲህ ካለው ጀምሩልን። ስሙን በኋላ ትነግሩናላችሁ።

ሲኮው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላ አውቶማቲክ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ወዝወዝ አደርገዋለሁ። ደቂቃ አያዛንፍም።

ሰዓት ሠሪው፣ ከደሴ