ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስላልነበረበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቀጥታ ወደ ሐሙሱ ጉዳይ ልግባ።

ሐሙስ 6 ሰዓት ላይ ትምህርት አቁመን የሂሳብ መምህራችንን ልንቀብር ሄደናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ቢሮ ድረስ መጥታችሁ ቅሬታችሁን የነገራችሁኝን አመሰግናለሁ። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ጡረታ ለወጣ ሰው ትምህርት ቤት ይዘጋል ወይ?» ይላል።

አዎ፣ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን 19 ዓመት እዚህ ግቢ ውስጥ አስተምሯል። ልጆቹ «እሳቸው» ይላሉ፤ እኔ ግን ከእሱ ጋር አንተ ስንባባል ነው የኖርነው፣ እዚህም እንደዚያው ልጻፍ። የተቀጠርነው በአንድ ዓመት ነው። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው ቺፑድ ብቻ ነበር። እኔ አማርኛ ሳስተምር የእሱ ተማሪዎች የማባዛት ሠንጠረዥ ሲሉ ይሰማኛል። የእኔዎቹ ግጥም ማንበብ ሲጀምሩ ደግሞ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርግልናል። አንድም ቀን «ልጆችህን ዝም አሰኝልኝ» ብሎኝ አያውቅም።

ያለቀ ጠመኔ አይጥልም ነበር። ጥፍር የምታክለውን ቁራጭ ሳይቀር ለቅሞ የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅማል። ሰሌዳ ላይ መውጣት የሚፈራ ልጅ ሲገጥመው ከዚያ አንዷን ያወጣና «በዚህች ጻፍ፤ ትንሽ ስለሆነች ብትሳሳትም ስህተቱ ትንሽ ነው» ይለዋል። ልጁ ይስቅና ይወጣል። ቆርቆሮው አሁንም መምህራን ማረፊያ ክፍል መደርደሪያው ላይ አለ።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወርክሺቱን በቴሌግራም እንልክ ነበር። ስማርት ስልክ የሌለባቸው ቤቶች ነበሩ። እሱ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ፣ ማስኩን አድርጎ፣ በእግሩ እየዞረ በየበሩ ያደርስ ነበር። ያኔ በር ከፍታችሁ የተቀበላችሁት ዛሬም በዚህ ትምህርት ቤት ወላጆች ናችሁ።

«ክፍያ እየከፈልን ትምህርት ለምን ይቋረጣል?» ለሚለው፣ የቀረው ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት። ቅዳሜ ይካካሳል። የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና መቃረቡን እኔም አውቃለሁ። እነዚህን ልጆች አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሳሉ ክፍልፋይ ያስያዛቸው እሱ ነው። እሱን ሳንቀብር ስለ ፈተና ብንነግራቸው በየት ዓይናችን እናያቸዋለን?

«ማስታወቂያው ዘገየ» ያላችሁት ትክክል ነው። መልእክቱ የደረሳችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ሥራ ቦታ ሆናችሁ ተቸግራችኋል። ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔም የሰማሁት ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን 9 ሰዓት ነበር። ቢሆንም አንድም ልጅ ሜዳ ላይ አልተተወም። የሚወስደው ያልመጣ ሁሉ ከሁለት መምህራን ጋር ግቢ ውስጥ ቆይቶ በመደበኛው ሰዓት በሰርቪሱ ገብቷል።

«ልጅ ለቅሶ አይወሰድም» የምትሉም አላችሁ። ትንንሾቹን አልወሰድንም። የሄዱት ወላጆቻቸው በስልክ የፈቀዱላቸው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። በሃይማኖትም ማንም አልተገደደም፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ የቆሙ ልጆችና መምህራን ነበሩ። እሱም ለሥራ ባልደረቦቻችን ጀናዛ መስጊድ በር ላይ ቆሞ ያውቃል። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ የድሮ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ መጥታ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ፣ አሁን ገባሽ» ብሎ የጻፈላትን ገጽ ገልጣ ለባለቤቱ ሰጠቻት። ባለቤቱ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። ልጄ ይህን ባያይ ይሻል ነበር የሚል ወላጅ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው፣ እንነጋገር።

«ነገ ጥበቃው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ቢሞቱስ እንዲሁ ልትዘጉ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ያኔም እንሄዳለን። ማስታወቂያውን ግን ፈጥነን እንልካለን።

የማካካሻው ትምህርት ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:30 ነው። ሰርቪስ እንደ አዘቦቱ አለ። ሂሳቡን የሚሰጠው በእሱ ቦታ የተቀጠረው ወጣት መምህር ነው። ጠመኔ ከቆርቆሮው እንዲወስድ ነግሬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር