ማክሰኞ ጠዋት ለጡረተኛ ይከፈትልን፦ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለቱሪዝም ሚኒስቴር፣ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ ጡረተኞች የሚማሩበት፣ የሚጓዙበትና እንግዳ የሚቀበሉበት ሁኔታ እንዲመቻች ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

33 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ሕጉ በሚያዘው መሠረት 60 ዓመት ሲሞላኝ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ 67ኛ ዓመቴን የያዝኩ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የጡረታ አበሌ አነሰ ብዬ አይደለም፤ ማነሱ እውነት ቢሆንም ስለ እሱ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል፣ እየጻፉም ነው። የእኔ ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ ነው። አበሉ ከባንክ ከወጣ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ከተገዛ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ከተሸኘ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽት የሚቀረው ረጅም ሰዓት በምን እንደሚሞላ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት እስካሁን ስላላገኘሁ፣ ጥያቄውን ራሴ ይዤ መጥቻለሁ።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ ስስታም ነው። ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የወጣ ነው። ሲመርቁን ‹‹ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ›› ይሉናል፤ ምርቃቱ ደግ ነው፣ አሜን ብለን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ከጧሪው እስከ ቀባሪው ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውየው ምን ሲያደርግ እንደሚከርም አይናገርም። ሕጋችንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በንዑስ አንቀጽ 5 ላይ አረጋውያንን ከአካል ጉዳተኞችና አሳዳጊ ካጡ ሕፃናት ጋር አንድ ላይ ጠርቶ፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን እንዲንከባከባቸው ያዛል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ አራት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ በንዑስ አንቀጽ 9፣ ቅርስን መጠበቅና ሥነ ጥበብና ስፖርት እንዲስፋፉ ማገዝ የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑ ተደንግጓል። ሁለቱ ድንጋጌዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይተዋወቁም፤ በአንደኛው አረጋዊ ተረጂ ነው፣ በሌላኛው አረጋዊ የለም። የዚህ ደብዳቤ ልመና፣ አጠር ተደርጎ ሲነገር፣ እነሱን ማስተዋወቅ ነው።

በ64 ዓመቴ ክራር ልማር ብዬ ስነሣ መጀመሪያ የሰማሁት ‹‹ሲያረጁ አምባር ይዋጁ›› የሚለውን ተረት ነው፤ ያውም ከገዛ እኅቴ አፍ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ተረቱ የብዙ ሰው አንጀት ቆርጦ አስቀምጧል። እኔ ግን ጀመርኩ። የሚያስተምረኝ ልጅ ገና ሠላሳ ያልሞላው ነው፤ እናቱን አስተምሬያት ስለነበር እሱም እንደ እናቱ ‹‹ቲቸር›› ነው የሚለኝ፤ ከሁለታችን ማን ተማሪ ማን አስተማሪ እንደሆነ ለሚያየን ሰው ግራ ይገባዋል። ያስጀመረኝ በግርፍ ነው። ግርፍ ማለት በቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ እየመቱ፣ እንዲሰማ የማይፈለገውን ክር በግራ እጅ ጣት ማፈን ነው። ‹‹ቲቸር፣ ጣትዎን አያጥብቁት፤ ይንኩትና ይተዉት›› ይለኛል። 60 ተማሪ በአንድ ክፍል ዝም ሳሰኝ የኖርኩ ሴት ስድስት ክር ዝም ማሰኘት አቃተኝ። ትዝታ ቅኝትን ሳላደናቅፍ ለመምታት አራት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬም ቢሆን አንቺሆዬ ላይ ስደርስ ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ልጁ የተከራያት ክፍል ኪራይ ሲጨምርበት ለቀቀ፣ እኛም መማሪያ አጣን። በዚህን ጊዜ በምኖርበት አካባቢ ወዳለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ሄድኩ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ወጣቶቹ ትምህርት ቤት ስለሆኑ በአዳራሹ ውስጥ መረቡ የረገበ አንድ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ጥግ የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮችና ወለሉን ወልውላ ጨርሳ እስኪደርቅ የምትጠብቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነበሩ። ኃላፊው ገና ስገባ ‹‹ኖር›› ብሎ ተነሣ፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያም ‹‹እማማ፣ ቤቱ የወጣት ነው፤ መመሪያው አይፈቅድልኝም›› አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ መመሪያውንም እሱ አልጻፈውም። ግን ከተማው ውስጥ ምን ያህል ተመሳሳይ አዳራሽ በሥራ ቀን ጠዋት ወለሉ እየደረቀ ባዶውን እንደሚውል እያሰብኩ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ጉዞን በተመለከተ፣ ዘጠኝ ጡረተኞች ሆነን በየወሩ 500 ብር እናዋጣለን። ዕቁብ እንለዋለን እንጂ ዕጣ የለውም፤ በየሦስት ወሩ ሚኒባስ ተከራይተን የምንሄድበት ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ በቡታጅራ መንገድ እስከ ቲያ ሄድን። ለምድር ባቡር ቀርቶ ለአውሮፕላን የሚበቃ ስንቅ ተይዞ ነበር፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን መንገድ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ፔርሙዝ ቡና፣ በተጨማሪም ‹‹ምናልባት›› ተብሎ አንድ ሰታቴ ፍርፍር። መልካ ቁንጥሬ ላይ ወረድን። አዋሽ ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ መሆኑን በመጠቆሚያ ዱላ ካርታ ላይ እየነካሁ ለስንትና ስንት ሺህ ተማሪ ተናግሬያለሁ፤ ውኃው በወተት የተቀየጠ ሻይ እንደሚመስል ያወቅሁት ግን በዚያን ቀን ነው። የጥንት ሰዎች በወንዙ ዳር ድንጋይ እየጠረቡ መሣሪያ የሠሩበት ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቲያ ከእሱ በጣም ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው የገባው። 36ቱ ትክል ድንጋዮች በአብዛኛው ጎራዴና ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸው ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ምልክቶቹ ምን ለማለት እንደተቀረጹ የተማረው ሁሉ እስካሁን አልተስማማም። ከመካከላችን ዕድሜያቸውን በቅየሳ የጨረሱ አንድ አዛውንት አሉ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አንዱን ድንጋይ በስንዝር ለኩት፤ ለክተው ሲጨርሱ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፣ እንደገና ለኩ። ማንም ያዘዛቸው የለም፣ ለማንም ሪፖርት አያቀርቡም። እኔ በእርሳስ ለመንደፍ ሞከርኩ፤ ጎራዴዎቹ ማንኪያ መሰሉብኝ።

በሌላ ጊዜ ወደ አንድ ቤተ መዘክር ስንሄድ ግን መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ለዜጋ፣ ለተማሪና ለውጭ ሀገር ሰው ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነበር። የጡረታ መታወቂያዬን ሳሳይ ትኬት ቆራጯ አገላብጣ አየችና ‹‹ይሄ ለምንድን ነው?›› አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ እኔም የደብተሩ ጥቅም ለባንክ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። ውስጥ ገብተን ለሁለት ሰዓት ስንዞር አረፍ የሚባልበት አንድ አግዳሚ እንኳ ስላልነበር፣ ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛችን የጎበኘችው ከመግቢያው አጠገብ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ፈረንጆች አብዛኞቹ ጸጉራቸው የነጣ፣ ጡረታቸውን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ናቸው፤ አስጎብኚዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ሀገራችንን ‹‹የ13 ወር ጸጋ›› ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ ስለ ውጭ ጎብኚ ማሰባቸው የወቅቱ ግዴታ ነበር። ነገር ግን ከ13ቱ ወር በማናቸውም፣ ከሳምንቱ ቀን በማናቸውም ለመንገድ ነፃ የሆነ የሀገር ውስጥ ሰው ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት እኛን ነው። ላሊበላንና ጎንደርን ለማየት የሀገሩ ሰላም መመለስ አለበት፤ እሱ በእናንተ መሥሪያ ቤት አቅም የሚወሰን ስላልሆነ እዚህ ላይ አላነሣውም። እስከዚያው ቢሾፍቱም፣ ወንጪም፣ ደብረ ሊባኖስም አሉ።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የምኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለም፤ ደረጃው 72 ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። የድሮ ጎረቤቶቼ በአንድ ግቢ ውስጥ 28 ዓመት ቡና የተጠራራን ሰዎች ነን፤ ሰፈራችን ፈርሶ ሲለማ አንዷ ቦሌ አራብሳ፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ጀሞ ደረሳቸው። አዲሱ ቤታቸው ከድሮው ይሻላል፤ ውኃ ቤት ድረስ የሚገባላቸው አሁን ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆናል። የጠፋው ‹‹ቡና ፈልቷል›› ሲባል በነጠላ ጫማ የሚደረስበት ርቀት ነው። ዛሬ ሦስት ታክሲ ይዘው ይመጡና ከሕንፃው ሥር ሆነው ይደውላሉ። ከእነሱ አንዷ በእያንዳንዱ ፎቅ እያረፈች፣ የደረጃውን መደገፊያ እንደ ከዘራ እየያዘች፣ ሩብ ሰዓት ፈጅታ ትደርስና ገና በሩ ላይ ‹‹72 ደረጃ ወጥቼ በአቦል ብቻ እንዳትሸኙኝ›› ትላለች። ቶናውንም በረካውንም ትጠጣለች፤ ስትወርድ ደግሞ ይብሳል። ከባለፈው ፋሲካ ወዲህ አልመጣችም። እኔ እሄዳለሁ፤ እሷም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት።

በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ምድር ላይ የተሠራ፣ ሰው ‹‹ኮሙናል›› የሚለው የጋራ ቤት አለ። እኛ ግቢ ያለው ከተከራየ ቆይቷል፤ የዱቄት መጋዘን ሆኗል። ኪራዩ ለጥበቃና ለመብራት ስለሚውል ኮሚቴውን ለመውቀስ ይከብደኛል። ወደ እድሩ ብንሄድ ደግሞ አግዳሚው፣ ድንኳኑ፣ ጀበናው፣ ሲኒው ሁሉ አለ፤ የሚወጣው ግን ሰው ሲሞት፣ አልፎ አልፎም ለሠርግ ነው። በወር አንድ ቀን አሥር አግዳሚ ያውሱን ብለን ስናመለክት በሁለት ስብሰባ ተከራከሩበት። አንድ አባል ‹‹የማን ለቅሶ ነው?›› ብለው ጠየቁ። ‹‹የማንም አይደለም፤ በሕይወት እያለን ነው›› ብለን ብንመልስ ሳቁና ፈቀዱልን። አሁን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሕንፃው ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ አንዷ ጥልፏን ታመጣለች፣ ቀያሹ ማስታወሻቸውን ያነባሉ፣ ክራሬን ሲያስመርሩኝ አወጣለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ሁሉም ይቋረጣል፤ አሁንም ካለፈው ሰኔ ጀምሮ አልተገናኘንም።

ይህን ስታነቡ ዳቦ ያጣ አረጋዊ ባለበት ሀገር የክራርና የሽርሽር ጥያቄ ቅንጦት ነው የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ እኔም ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ያመነታሁት በዚሁ ምክንያት ነው። መስከረም 21 የሚከበረው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ሲደርስ የሚደረገው የዘይትና የዱቄት ማዕድ ማጋራት ይቅር አልልም፤ ጨምሩበት። ነገር ግን ጥልፍ የምታመጣው ጓደኛችን ራሷ ልጅ የሌላት፣ በየበዓሉ ማዕድ የሚጋራላት ሴት ናት። ዘይቱን ሲሰጧት ፎቶግራፍ ትነሣለች፤ ስሟን የሚጠይቃት ግን የለም። ቅዳሜ ላይ የነጠላ ጥበብ እንዴት እንደሚጠለፍ ለሦስት የሰፈር ልጆች ስታሳይ ‹‹ክሩን እንዲህ አትጎትቺው፣ ያለቅሳል›› ብላ አንዷን ስትቆጣ ሰማኋት። በአምስት ዓመት ትውውቃችን ሰው ስትቆጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ፣ አዲስ በጀት እንዲያዝ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የወጣት ማዕከላት በትምህርት ቀናት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለጡረተኞች የመማሪያና የመገናኛ ጊዜ እንዲሆኑ የሚፈቅድ አንድ ሰርኩላር ይጻፍ፤ የአካባቢው ኃላፊ ቢፈልግም ያለ ወረቀት እንደማይደፍር አይቻለሁ። ቱሪዝም ሚኒስቴር ደግሞ በሥሩና በአጋርነት የሚተዳደሩ ቤተ መዘክሮችና መስህቦች ቅዳሜና እሑድ ባልሆኑ ቀናት የጡረታ መታወቂያን ለቅናሽ እንዲቀበሉ ያስታውቅልን፤ በእነዚያ ቀናት ቦታዎቹ ጭር ስለሚሉ ኪሳራ አይታየኝም። የቤተ መዘክሩን የአግዳሚ ነገር መቼም አልደግመውም። ኮሙናሎቹን በተመለከተ ከተማ አስተዳደሩ የተከራዩትን ይልቀቁ ሳይል፣ ውል ሲታደስ ቢያንስ በወር ሁለት ቀን ለነዋሪ እንግዳ መቀበያ እንዲለቀቁ ቢያስገባበት ይበቃናል፤ ምድር ላይ ያለ ክፍል መሆኑ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ለጠዋቱ የማዕከል ሰዓት ጽዳቱን ራሳችን እንሠራለን። ወንበሩን ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ጥጉ መልሰን፣ የፒንግፖንጉንም መረብ አጥብቀን ለወጣቶቹ እናስረክባለን፤ ቀያሹ መረቡን እንደሚለኩት ከወዲሁ ተናግረዋል።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት