ሙምባይ ስትደርሺ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ሥልጠናው ሙምባይ መሆኑን ስትነግሪኝ ደስታዬን በስልክ መግለጽ አቅቶኝ ነው ዝም ያልኩሽ። የዚያች ከተማ ውለታ አለብን። አጎትሽ ታክሞ የዳነው እዚያ ነው። እሱን ሳስታምም በከረምኩበት ጊዜ፣ ምርመራ በሌለበት ቀን እሱ ጋደም ሲል እኔ ወጣ እል ነበር። ስለዚህ የምጽፍልሽ ያየሁትን ነው።

ከሥልጠናው በኋላ አንድ ሳምንት እንደሚተርፍሽ ነግረሽኛል። ጓደኞችሽ የላኩልሽን ዝርዝርም አየሁት። ያን ሁሉ ላዳርስ ካልሽ ቀንሽ መኪና ውስጥ ያልቃል። የሙምባይ መንገድ ሲዘጋ መገናኛን ያስመሰግናል። ይልቅ አንድ ነገር ስሚኝ። የሙምባይ ትልልቅ መስህቦች አብዛኞቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ጣቢያው መንገደኛ ይሸኛል፣ መስጊዱ ይሰገድበታል፣ ማጠቢያው ልብስ ያጥባል። ስለዚህ ሥራቸውን በሚሠሩበት ሰዓት ሄደሽ እያቸው። ሰው በሌለበት ሰዓት ፎቶ ብቻ አንስተሽ ብትመለሺ ግማሹን አላየሽም።

በባቡር ጣቢያው ጀምሪ። ሙሉ ስሙ ቻትራፓቲ ሺቫጂ መሃራጅ ተርሚነስ ነው። ከተሜው ግን ሲኤስኤምቲ ይለዋል፣ ትልልቆቹ እስካሁን በድሮ ስሙ ቪቲ ይሉታል። ግንባታው በ1878 ተጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ንድፉን ያወጣው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዊልያም ስቲቨንስ ነው። በ2004 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ቀና ብለሽ ግድግዳውን እዪ። ድንጋዩ ላይ ጦጣ አለ፣ ፒኮክ አለ፣ እንሽላሊት አለ፣ ቅጠል አለ። የቀረጹት የከተማዋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። ከሥር ሰው እንደ ጎርፍ ይፈሳል፣ ማንም ቀና አይልም። አንቺ ግን ዳር ይዘሽ ቁሚና እዪ። ማታ መብራቱ ሲበራም ተመልሰሽ እዪው። በኖቬምበር 2008 ከተማዋ ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ ሰው የሞተው እዚህም ጭምር ነው። ጥበቃው ቢጠብቅብሽ አትከፊ።

ከዚያ ባቡሩን ራሱን ሞክሪው። የከተማው ባቡር በቀን ሚሊዮኖችን ያመላልሳል። ጠዋትና ማታ ሰው ሥራ ሲገባና ሲወጣ አትሳፈሪ፣ ትንፋሽ ያሳጣል። ረፋድ ላይ ወይም ከምሳ በኋላ ሂጂ። የሴቶች ፉርጎ አለ፣ እሱን ያዢ። አብዛኛው ባቡር በሩ ክፍት ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ግቢና ብረቱን አጥብቀሽ ያዢ። አንድ ጣቢያ ላይ የሚቆመው ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፣ ከመድረስሽ በፊት ወደ በሩ ተጠጊ። እኔ ከቤተ መዘክሩ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ያንን ፉርጎ ነው። የጆሮ ጌጥና የፀጉር ማስያዣ የምትሸጥ ሴት ትገባለች፣ ሁሉም ይመርጣል፣ ይከራከራል። ከሥራ የምትመለስ ሌላዋ ለእራት የሚሆናትን አትክልት ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀነጥሳለች። ከጎኗ የተቀመጠችው የማታውቃት ሴት ዝም ብላ ታግዛታለች። ቋንቋ ባይገባሽም ቦታ ይሰጡሻል፣ የት እንደምትወርጂም ይነግሩሻል።

በባቡር ቸርችጌት የሚባለው ጣቢያ ብትወርጂ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሁንልሽ። ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ረጅም የእንጨት ሳጥን ጭንቅላታቸው ላይ ተሸክመው ይወጣሉ። ሳጥኑ ምሳ ዕቃ ሞልቶታል። ዳባዋላ ነው የሚባሉት። ከ1890 ጀምሮ ሚስት ወይም እናት ቤት የሠራችውን ምሳ ከሩቅ ሰፈር ተቀብለው ቢሮ ድረስ ያደርሳሉ፣ ባዶውን ዕቃ ደግሞ ከሰዓት ይመልሳሉ። ክዳኑ ላይ በቀለም የተጻፈ ፊደልና ቁጥር አለ። ከየት እንደመጣ፣ የት ጣቢያ እንደሚወርድ፣ የትኛው ሕንፃ ስንተኛ ፎቅ እንደሚገባ የሚነግራቸው እሱ ነው። አታስቁሚያቸው፣ ሰዓት አላቸው። ዳር ሆነሽ እዪ።

በዚያው መስመር ማሃላክሽሚ ጣቢያ ወርደሽ ድልድዩ ላይ ብትቆሚ ደግሞ ዶቢ ጋት ከሥርሽ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የልብስ አጣቢዎች ሰፈር። የሲሚንቶ ገንዳ በረድፍ በረድፍ፣ ከበላዩ የተሰጣ የሆቴል አንሶላና የሆስፒታል ልብስ። የአጎትሽ አንሶላም እዚያ ይሆናል የሚታጠበው ብዬ ያየሁበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ሃጂ ዓሊ ሩቅ አይደለም። ባሕር ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የተሠራ መስጊድና የአንድ ሙስሊም ቅዱስ መቃብር ነው። የሚያደርስሽ ቀጭን መንገድ ነው፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ ይሸፍነዋል፣ ሲጎድል ይገለጣል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ እዪ። ነጠላሽን ያዢ፣ ራስሽን ትሸፍኚበታለሽ። አንድ ጊዜ ሴቶች መቃብሩ ያለበት ውስጠኛው ክፍል እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ሴቶች ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፣ በ2016 የቦምቤይ (የሙምባይ የድሮ ስሟ ነው) ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ዛሬ ስትገቢ ያቺ በር በክርክር የተከፈተች መሆኗን አስቢ።

ባንድራ የሚባለው ሰፈር ከሄድሽ ማውንት ሜሪ ቤተ ክርስቲያንን እንዳታልፊ። የካቶሊክ ነው፣ ግን ሂንዱውም ሙስሊሙም ወደ እመቤታችን ይመጣል። ደጁ ላይ ሰም ይሸጣሉ፣ ጧፍ ብቻ እንዳይመስልሽ። የእጅ ቅርጽ አለ፣ የእግር አለ፣ የልብ አለ፣ የሕፃን አለ፣ የቤትም አለ። የታመመውን ወይም የተመኙትን ገዝተው ያስገባሉ። ስለት ነው እንግዲህ፣ ቁልቢ እንደምናውቀው። እኔም የገዛሁት አለ። ምን እንደገዛሁ አጎትሽ ያውቃል።

በነገራችን ላይ ባጃጅ የምታገኚው ከባንድራ ወዲያ ነው። ወደ ደቡቡ ከተማ አይገባም። እዚያ ጥቁርና ቢጫ ታክሲ ነው፣ ቆጣሪውን እንዲያበራ ንገሪው።

የሕንድ በርና ታጅ ሆቴል አንድ ቦታ ናቸው፣ ጎን ለጎን። በሩ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ለመጡበት መታሰቢያ ተጀምሮ በ1924 ተመረቀ። የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮችም በ1948 አገር ለቀው የወጡት በዚያው በር ነው። ይህን ካወቅሽ ሩብ ሰዓት ይበቃሻል። ፎቶ ላንሳሽ የሚለው ብዙ ነው፣ ዋጋ ሳትነጋገሪ እሺ አትበይ።

ምሽቱን ለማሪን ድራይቭ ስጪ። ባሕር ዳር የተጠመዘዘ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መንገድ ነው። ከተማዋ ዱሮ ሰባት ደሴት ነበረች። ፖርቱጋሎች በ1661 ለእንግሊዙ ንጉሥ የጥሎሽ ስጦታ አድርገው ሰጧት፣ በ1668 ንጉሡ በዓመት አሥር ፓውንድ ለአንድ የንግድ ኩባንያ አከራያት። ከዚያ ባሕሩን እየደለደሉ ደሴቶቹን አንድ አደረጓቸው። የምትቀመጪበት ግንብ ራሱ ከባሕር የተነጠቀ መሬት ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ነው፤ ፍቅረኛው፣ ሽማግሌው፣ ከቢሮ የወጣው። ከዚያ ወደ ቾፓቲ አሸዋ አዝግሚና ብዪ።

ስለ ምግብ አትጨነቂ። የምትሄጂው በነቢያት ጾም ነው፣ ሙምባይ ደግሞ ሥጋ የማይበላው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን እነሱ ጾም የሚሉት ወተትና ቅቤ አለበት። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ብታዪም ሥጋ የለውም ማለት እንጂ የእኛ ጾም ነው ማለት አይደለም። ፓቭ ባጂ የሚሉት የአትክልት ወጥ በቅቤ የሚዋኝ ነው፣ ለፍስክ አቆዪው። ቫዳ ፓቭን ግን ያለ ቅቤ ብዪ። ድንች ተቀቅሎ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ታሽቶ፣ በሽምብራ ሊጥ ተነክሮ ይጠበሳል፣ ከዚያ ዳቦ ውስጥ ከደረቅ የነጭ ሽንኩርት ሚጥሚጣ ጋር። ከጎኑ የተጠበሰ ቃሪያ ይሰጡሻል። ትኩሱን ሲያወጣ አይተሽ ግዢ። በረዶና መንገድ ላይ ያለ ውሃ ግን አደራ፣ አትንኪ።

አሁን ሙሉ ቀን የሚፈልጉት ሁለቱ። እነዚህ ሥራቸውን የጨረሱ ናቸው፣ ጊዜ ይፈልጋሉ።

አንዱ ኤሌፋንታ ነው። ከሕንድ በር ጀልባ ይነሳል፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰኞ ዝግ ነው። የውጭ ዜጋ መግቢያ ከሕንዱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ፓስፖርትሽን ያዢ። ደረጃው ረጅም ነው፣ ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ከእጅሽ ምግብ ይነጥቃሉ፣ ምንም ይዘሽ አትታዪ። ከዋናው ዋሻ ገብተሽ ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሚ። ከዚያ በስተመጨረሻው ግድግዳ ሦስት ፊት ያለው የሂንዱዎቹ አምላክ የሺቫ ምስል ይወጣልሻል፣ ቁመቱ ስድስት ሜትር ገደማ ነው። ከ1400 ዓመት በላይ ይሆነዋል። ላሊበላን ስላየሽ ዓይንሽ ቶሎ ይገባዋል። የእኛ ከላይ ወደ ታች ተቆፍሮ ዙሪያው የተለቀቀ ነው። የእነሱ ከተራራው ጎን ገብተው ነው የፈለፈሉት፣ ዓምዶቹ ሳይነኩ የተረፉ ዐለት ናቸው። አንድ ዓምድ በእጅሽ ዳስሺ። መሮ ያረፈበት ይታወቅሻል። ብዙው ምስል እጅና እግሩ ተሰባብሯል፣ በፖርቱጋሎች ዘመን ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። እኔ የተሰበረውን ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሁለተኛው ጃንጂራ ነው። ይህንን ለምኜሻለሁ፣ ሌላውን ብታስቀሪ ይህን አታስቀሪ። ከሙምባይ ወደ ደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ሙሩድ የሚባል ከተማ አጠገብ። ሹፌር ያለው መኪና ተከራዪና እዚያ እደሪ። ራጃፑሪ ከሚባለው መንደር በሸራ ጀልባ ይወስዱሻል። ከሩቅ ግንቡ ብቻ ነው የሚታየው፣ በሩ ሳይጠጉት አይታይም። ጠላትም እንደዚያው ነበር የሚቸገረው።

ያን ምሽግ የያዙት ሲዲዎች ናቸው። ዘራቸው ከእኛው ምድርና ከአካባቢው ነው። ብዙዎቹ አያቶቻቸው በባርነት ተሸጠው ቀይ ባሕርን የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። እንደ ማሊክ አምባር ያለው ከባርነት ተነሥቶ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከመሆን ደርሷል፣ በ1626 ነው የሞተው። የጃንጂራዎቹ ደግሞ የባሕር ሰዎች ሆኑ፣ የራሳቸውን ግዛት መሠረቱ፣ እስከ 1948 ድረስ ገዙ። ስሙ በባቡር ጣቢያው፣ በሙዚየሙና በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተጻፈው የማራታዎቹ ንጉሥ ሺቫጂ ይህን ምሽግ ሊይዝ ደጋግሞ ሞክሮ አልቻለም። ልጁም ሞክሮ አልቻለም። እንዲያውም በ1689 ሲዲ ያቁት ኻን ሙምባይን ራሷን ከብቦ እንግሊዞቹን ከአንድ ዓመት በላይ ግንባቸው ውስጥ ዘግቷቸዋል።

በሩ ላይ የድንጋይ ቅርጽ አለ፣ አንድ አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሩ ጨብጦ። እሱን ቀረብ ብለሽ እዪ። ከዚያ ግቢ። ዙሪያው ጨው ውሃ ሆኖ ውስጡ ጣፋጭ ውሃ ያለበት ኩሬ አለ። እዚያ ስቆም የተሰማኝ ኩራት ብቻ አልነበረም። ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ስንቱ ስሙን ተነጥቆ ነው እዚህ የደረሰው ብዬ አለቀስኩ። አስጎብኚው ከየት ነሽ ሲለኝ ከኢትዮጵያ አልኩት። ቡድኑን አቁሞ ለሁሉም ነገራቸው።

ዳራቪ የሚባለውን የድሃ ሰፈር ጉብኝት ግን እንዳትሄጂ። ዝርዝርሽ ላይ አይቼዋለሁ። ሰው በጠባብ ቤቱ ሲኖር ገብቶ ማየት ጉብኝት አይደለም። ጥሩ ቆዳ ይሠራሉ፣ ቦርሳ ካማረሽ መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች ግዢና ብራቸውን ክፈዪ። ያ ክብር አለው።

ጃንጂራ የምትሄጂበትን ቀን ቀድመሽ ንገሪኝ፣ የሹፌሩን ታርጋም ላኪልኝ። አጎትሽ ከበሩ ቅርጽ ፊት ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶ ይፈልጋል፣ እሱ ያኔ ከአልጋ ስላልተነሳ አላየውም። አያትሽ መርቀውሻል።

የምትወድሽ እናትሽ