የፈረመችውና ያልፈረመችው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እሑድ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግና ዲፕሎማሲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት አልደግመውም። የምጽፍላችሁ አምስተኛው አንቀጽ ላይ ስላለች አንዲት ቃል ነው። «ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 የፈረመችውን የተባበሩት መንግሥታት የወንዞች ስምምነት» ትላላችሁ። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት አልፈረመችም፤ አላጸደቀችምም።

ጋዜጣው በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋዜጣ ማንበብ የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። «ልጄ፣ ፈርመናል ይላል እኮ ጋዜጣው። አንቺ አልፈረምንም ስትዪ አልነበረም?» አሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ስምምነት ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእንቅልፌ እየቀነስኩ የለፋሁበትን ነገር ለአባቴ በስልክ ማስረዳት አቃተኝ፤ ምክንያቱም እርሳቸው ዘንድ የታተመ ነገር ከልጅ ቃል ይበልጣል። ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ቅሬታ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። እኔን የተሳሳትኩ ያስመሰለኝ የእናንተ ስሕተት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከመርከብ ጉዞ ውጪ ስላለው የዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮች አጠቃቀም የተዘጋጀው ስምምነት ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበው ግንቦት 13 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር። 103 አገሮች ደገፉት። ቡሩንዲ፣ ቻይናና ቱርክ ተቃወሙት። 27 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ግብጽም እንዲሁ፤ የሁለቱ ምክንያት ግን አንድ አልነበረም። የኢትዮጵያ ተወካይ ሰነዱ ሚዛኑን የሳተ መሆኑን ገልጸዋል። የሰነዱ ሰባተኛ አንቀጽ፣ ማለትም ጉልህ ጉዳት ያለማድረስ ግዴታ፣ እንዲሁም ስለ ታቀዱ ሥራዎች አስቀድሞ ማሳወቅን የሚደነግገው ክፍል በላይኛው ተፋሰስ አገሮች፣ ማለትም ውኃው ከሚመነጭባቸው አገሮች፣ ላይ ይከብዳል የሚል ነበር አቋማችን። በሰነዱ አምስተኛ አንቀጽ የሰፈረው ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ደግሞ እስከ ዛሬ የምንሟገትበት መርሕ ነው። ተአቅቦው ታስቦበት የተያዘ አቋም ነው። እናንተ በአንድ ግሥ ሰረዛችሁት።

ስልክ አንሥቼ ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ደውዬ ነበር። ያነጋገሩኝ ሰው ትሕትና አላጓደሉብኝም፤ «ፈረመች፣ ተስማማች፣ ደገፈች፣ ለአንባቢ ያው ነው» አሉኝ እንጂ። አይደለም! ለአንባቢም፣ ለአገርም፣ ለፍርድ ቤትም ያው አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የአገሪቱ የሕግ አካል የሚያደርገው ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ነው፤ የፈረመቻቸውን አይልም። የማጽደቁን ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶታል። እኔ በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ መዝገብ ላይ «ቀረበ» የሚለውን «ተወሰነ» ብዬ ብጽፍ በማግስቱ ባለጉዳይ በሬ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ቃል ያው ነው ብሎ ነገር በእኔ ሥራ የለም፤ በእናንተም ሥራ ሊኖር አይገባም።

ፊርማ ብቻውን አያስገድድም፣ ታዲያ ምን ጉዳት አለው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት መምህሬን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1969 በቪየና በተደረገው የስምምነቶች ሕግ አንቀጽ 18 ላይ አለ። ስምምነት የፈረመ አገር፣ ለማጽደቅ እንደማይፈልግ በግልጽ እስኪያሳውቅ ድረስ፣ የስምምነቱን ዓላማ ከሚያሰናክል ተግባር መቆጠብ አለበት። ስለዚህ «ፈርማለች» ማለት «አንድ ግዴታ ተሸክማለች» ማለት ነው። ኢትዮጵያ ይህን የቪየናውን ሰነድ ራሱን እ.ኤ.አ. በ1970 ፈርማ አላጸደቀችውም፤ ሆኖም ብዙው ድንጋጌው የልማድ ሕግ ሆኖ አገሮችን እንደሚያስር ሊቃውንቱም ፍርድ ቤቶቹም ይቀበላሉ። በዓባይ ጉዳይ ከማን ጋር እንደምንከራከር እያወቃችሁ፣ የማንሸከመውን ግዴታ በራሳችን ጋዜጣ፣ በራሳችን ቋንቋ እንዴት ትጭኑብናላችሁ? ነገ አንድ ሰው «የራሳቸው ጋዜጣ ፈርመናል ብሏል» ብሎ ቢጠቅሰው ምን እንመልሳለን?

በመፈረምና በማጽደቅ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ፈረሙ፤ ኬንያ በቀናት ልዩነት ተከተለች፤ ቡሩንዲ በዓመቱ። የእኛ ምክር ቤት ያጸደቀው ሰኔ 2005 ዓ.ም. ላይ ነበር። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል የስድስት አገሮች ማጽደቅ ያስፈልግ ስለነበር፣ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና እስክትገባ ድረስ ተጠበቀ፤ ሥራ ላይ የዋለውም ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከፊርማው ቀን አሥራ አራት ዓመት አልፎ! ያን ቀን ኬንያ ፊርማዋ ሰነዱ ላይ ነበር፤ ከስድስቱ አጽዳቂዎች መካከል ግን አልነበረችም። «ያው ነው» ያሉኝ ሰው ይህን የአሥራ አራት ዓመት ድካም እንዴት ያዩታል?

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ደግሞ ስሕተቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ያቺ ቃል የገባችው «የዘርፉ ምሩቃን ስምምነት አንብቦ የመተርጎም አቅም ያንሳቸዋል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ነው። አቅም የለንም ያላችሁን በዚያው አንቀጽ፣ ራሳችሁ ሰነዱን ሳታዩ ነው። ከእኛ አንዱን ጠይቃችሁ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ይታረም ነበር። አልጠየቃችሁም። ያነጋገራችኋቸው በቀን የሚማሩ ሦስት ወጣቶችን ነው፤ ኤምባሲ መመደብ ሕልማቸው እንደሆነ ነገሯችሁ፤ እናንተም የሁላችን ሕልም አደረጋችሁት። በወጣቶቹ ሕልም ላይ ምንም ክፉ የለኝም፣ ይሳካላቸው። እኛ የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎቹ ግን የት ሄድን?

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ እይዛለሁ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ መሽቷል። አክስቴ ቤት አድሬ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል እገኛለሁ፤ እሑድ ማታ እመለሳለሁ፤ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቴን እከፍታለሁ። ክፍላችን ውስጥ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ሰነድ ሲመረምር የሚውል የጉምሩክ ሠራተኛ አለ። የውኃ መሐንዲስ አለ፤ ስለ ግድብ የሚጠየቀው ጥያቄ ግማሹ የሕግ መሆኑ ገብቶት የመጣ። ጋምቤላ በስደተኞች መጠለያ የምትሠራ እኅት አለችን፤ እርሷ ስለ ስደተኛ ትርጓሜ ስትናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ከወረራና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ከሚያናጋ ሁኔታ የሸሸውን ሰው ሁሉ ስደተኛ ብሎ መቀበሉን፣ እኛ ከመጽሐፍ ስናነበው እርሷ በየቀኑ በር ላይ ስትተገብረው ትውላለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ኤምባሲ አልጠየቁም። የያዙትን ሥራ በእውቀት ለመሥራት ነው ደመወዛቸውን ለክፍያ የሚያወጡት። በዘገባችሁ ውስጥ ስለ እነርሱ አንድ መስመር የለም።

ትምህርቱን «ለአገራችን እንግዳ» ማለታችሁንም ሳልመልስ አላልፍም። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሰችው በ1953 ዓ.ም. ነው። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈለ፤ የፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ተጨምሮ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም አላሳዩም ተብሎ ውድቅ ሆነ። ይህን ፍርድ ሳነብ ያለቀስኩት ስለ ሽንፈቱ ብቻ አልነበረም። የእኛን ወገን ይዘው የተሟገቱት ዋናው ጠበቃ ኧርነስት ግሮስ የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። በብርታት ተሟግተውልናል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የእኔ ትውልድ ይህን ትምህርት የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ ያ ወንበር ላይ የራሳችን ሰው እንዲቀመጥ ነው። ደብረ ብርሃን ካለ መዝገብ ቤት የመጣችም ልትሆን ትችላለች።

የምጠይቃችሁ ማረሚያ ረጅም አይደለም። «ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1997ቱን የወንዞች ስምምነት አልፈረመችም፤ ድምፀ ተአቅቦ ነው ያደረገችው» ብላችሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ። በድረ ገጻችሁ ብቻ አርማችሁ እንዳትተዉት አደራ፤ አባቴ የሚያነቡት የታተመውን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በዓለም አቀፍ ሕግና ዲፕሎማሲ የቅዳሜና እሑድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ
ደብረ ብርሃን