ስፒከር ሳይሰካ አታብራው

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደኅና ነን። እናትህ ጉልበቷን ያማታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ጠበል ይሻለኛል ትላለች፣ ጠበል እንሂድ ስላት ዛሬ ሥራ አለብኝ ትላለች። ታውቃታለህ።

ትናንት አክስትህ ደወለች። የሁለት ወር ኪራይህን ለጊታር ዕቃ እንዳዋልከው ነገረችኝ። አሁን ደግሞ ፍራሹን ሊሸጥ ነው አለች። ፍራሹን አላመንኩም፣ አክስትህ ነገር ስታወራ ትጨምርበታለች። ኪራዩን ግን አመንኩ። ልቆጣህ ደወልኩ። አንተ ገና «ሃሎ» ከማለትህ ስለ አምፕሊፋየሩ ጀመርክ። የቲዩብ ነው፣ 50 ዋት ነው፣ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በርካሽ አገኘሁት አልክ። «ስፒከር ገና አልገዛሁም እንጂ አብርቼው ነበር፤ አባዬ፣ ቲዩቦቹ ቀልተው ሲያምሩ ብታይ!» አልከኝ። ቁጣው አፌ ላይ ቀረ። ደኅና እደር ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ ያልወጣልኝን ልጻፍልህ ብዬ ተነሳሁ።

ስፒከር ሳይሰካ አታብራው።

ምክንያቱን ልንገርህ፣ አንተ ምክንያት ካልተነገረህ አትሰማም። ቲዩቡ፣ ያ የሚቀላው የመስታወት አምፖል፣ የሚያወጣው ኃይል አምፕሊፋየሩ ውስጥ ባለው የመውጫ ትራንስፎርመር አልፎ ነው ስፒከር ጋ የሚደርሰው። ስፒከር ከሌለ ኃይሉ መሄጃ የለውም። ጨረጨራ ግድብ ላይ በክረምት በሮቹን ሁሉ ዘግተህ ዓባይን ቁም በለው እስቲ። ትራንስፎርመሩ ውስጥም እንደዚያው ቮልቴጁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ የጥቅልሉን ሽፋን በስቶ ያቃጥለዋል። ጊታር ሳትሰካ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አብርተኸው ከሆነ ተርፎ ይሆናል። ሰክተህ መትተህበት ከሆነ ግን እግዜር ይወቅ።

ኪራይህን ክፈል። ይህን ወረቀት እንዳነበብክ ሂድና ክፈል፤ የጎደለውን ነገ በስልክህ እልክልሃለሁ።

ስለ ካቢኔቱ፣ ስለ ስፒከሩ ሳጥን፣ ጠይቀኸኝ ነበር። ባለ አራት ስፒከሩን ነው የምፈልገው አልክ። ለምን? ፎቶ ላይ ስላየኸው ነው። የማርሻል ባለ አራቱ ሳጥን ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያንተ ክፍል አልጋና ወንበር ይዞ የቀረው ቦታ የዶሮ ቆጥ ያህል ነው። እሱ ከገባ አንተ ውጭ ታድራለህ። ሁለት ባለ 12 ኢንች ይበቃሃል፣ አንድም ቢሆን ለቤት አያንስም።

ይልቅ ስለ ጀርባው አስብ። ስፒከር ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል አየር ወደ ኋላም ይገፋል። ጀርባው ክፍት ከሆነ የኋላው ድምፅ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይጣላል፣ ቤዙ ይሳሳል፣ ድምፁ ግን ክፍሉን ይሞላዋል፣ ይተነፍሳል። ጀርባው ከተዘጋ ቤዙ ጥብቅ ይላል፣ ድምፁም ፊት ለፊት ይሄዳል። ትዝታ በቀስታ ስትጫወት እኔ ክፍቱን እመርጥልሃለሁ። ሐይቁ ዳር ድንኳን ተጥሎ ሰርግ ስትሠራ ግን ክፍቱ አያዋጣም። ከኋላህ ግድግዳ የለ፣ የኋላው ድምፅ ጣና ላይ ይቀራል። ደንገሉ ውስጥ ያሉት ወፎች ይሰሙሃል፣ ሙሽሮቹ አይሰሙህም።

ሳጥኑን አናጺ ይሥራልኝ ካልክ ቺፑድ እንዳትነካ። ርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ብሎኑም አይዝም። ባለ 18 ሚሊ ጥሩ ፕላይውድ፣ ኮላና ብሎን። ጨርሶ ሲያስረክብህ በጉልበትህ አጣብቀህ በቡጢ ምታው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ አትቀበለው፣ ያ ድምፅ ዕድሜህን ሙሉ ይከተልሃል።

ስፒከሩን ስትመርጥ በስም አትታለል። ሰለስቲዮን የሚሠራው ቪንቴጅ 30 የሚባለው 30 ዋት አይደለም፣ 60 ነው። ግሪንባኩ ደግሞ 25 ዋት ነው። ሁለት ግሪንባክ ብትገዛ 50 ዋት ሆነ ማለት ነው፣ ካንተ አምፕ ጋር እኩል። እኩል ጥሩ ይመስላል፣ አይደለም። የቲዩብ አምፕ መጨረሻው ድረስ ሲከፈት ከተጻፈበት በላይ ያወጣል። እንጀራህ ከሆነ ትርፍ ይኑርህ። በድምፅ ከጠየቅከኝ ግሪንባኩ ለስለስ ይላል፣ ቪንቴጅ 30 መካከለኛውን ድምፅ ወደ ፊት ያወጣዋል፣ ከበሮና ኦርጋን መሀል አትጠፋም። ጄንሰን የሚባለው ስፒከር ጠራ ይላል፣ ዲስቶርሽን ካበዛህበት ግን ጆሮ ይወጋል።

ሌላም አለ። ከዋቱ ጎን ዲሲቤል የሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ። አንዱ 97፣ ሌላው 100 ቢል «ሦስት ምን አላት» እንዳትል። ባለ 100ው በዚያው አምፕ የሚሰጥህን ድምፅ ባለ 97ቱ እንዲሰጥህ የአምፑን ኃይል እጥፍ ማድረግ አለብህ።

ሳጥኑን መሬት ላይ አታስቀምጥ። የቢራ ሳጥን ላይ አውጣው ወይም ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው። ልጆቹ ሁሉ ሳጥኑን እግራቸው ሥር ያደርጉና ድምፁ ታፈነ ብለው ትሬብሉን ይከፍቱታል። እግር ጆሮ የለውም። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን አለው።

እና ስፒከር ሳይሰካ አታብራው። ለምን እንደምደጋግመው አሁን ልንገርህ። እናትህም አታውቀውም።

ጋሽዬን ታስታውሰዋለህ፣ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የቀበርነውን። አንተ የምታውቀው በጀልባ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ ሲያመላልስ ነው። እኔ የማውቀው ግን የኪነታችን ድምፃዊ ሆኖ ነው። በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ 10ኛው የአብዮት በዓል ሊከበር ከተማው ሁሉ ይለማመድ ነበር። እኔ ጊታር እመታለሁ። አምፕሊፋየሩ የእሱ ነው። የቲዩብ ነው፣ እንዳንተው። ሳጥኑን ከዋንዛ ራሱ ጠርቦ ነው የሠራው። ሰርግ ሲኖር ያከራየዋል፣ እናቱን የሚጦረው በእሱ ነበር።

የዚያን ቀን ዕቃውን በጋሪ አምጥተን እሱ ሊፈርም ቢሮ ገባ። ሳጥኑ ገና ጋሪው ላይ ነበር። እኔ አምፑን አዳራሽ አስገባሁና ሰካሁት። ቲዩቦቹ ሲቀሉ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጊታሩን መታሁ፣ ድምፅ የለም። ሳጥኑ እንዳልተሰካ ረሳሁት። ቮልዩሙን ጨመርኩ። አሁንም መታሁ። እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውስጡ እንደ ክብሪት ጫር አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ነቀልኩትና እጄን ኪሴ ከትቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

ጋሽዬ መጥቶ ሲያበራው አልሠራም። «መብራቱ ከፍ ዝቅ ብሎ ነው» አልኩት። አመነኝ። ከዚያ ወዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር «አንቺ ነሽ ዕቃዬን የበላሽው» ይል ነበር፣ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ትራንስፎርመሩን የሚሠራለት አላገኘም። አዲስ አበባ ድረስ ላከው፣ እንደሄደ ተመለሰ። ሰርጉ ቀረ፣ ዘፈኑም ቀስ በቀስ ቀረ፣ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። እኔ ሬዲዮና ቴፕ ጥገና የተማርኩት ያኔ ነው። ለሰው ሁሉ «ዕቃ ስለምወድ» እላለሁ። አንድ ቀን ያንን ትራንስፎርመር እጠመጥምለታለሁ ብዬ ነበር። ስችል ደግሞ «ምን ታየህ ዛሬ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

አብረን ስንት ዓሣ በላን እዚያ ዳር። ስንት ዓመት። አልነገርኩትም።

ለባለቤቱ ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄድኩ። ሁለቴም ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው «ያ ሳጥን ቦታ ያዘብኝ፣ ልጅህ ሙዚቃ ይወድ የለ፣ ውሰድለት» አለችኝ። ተሸክሜው ወጣሁ። ሳጥኑ አልተጎዳም። ጋሪው ላይ ስለነበር ተረፈ።

ላንተ እየላክሁት ነው። ሁለት ባለ 12 ኢንች ነው፣ ጀርባው ክፍት ነው። አንደኛው ወረቀቱ ተቀዶ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ። የእያንዳንዳቸው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 16 ኦም ነው፣ ጎን ለጎን (በፓራለል) አያይዣቸዋለሁ፣ ስለዚህ በግማሽ ወርዶ 8 ኦም ነው። አምፑ ጀርባ ላይ 4፣ 8፣ 16 የሚል መምረጫ ይኖራል፣ 8 ላይ አድርገው። በቴስተር ለክተህ 6 ወይም 7 ቢልህ አትደንግጥ፣ ያው ነው። 4 ወይም 14 ካለህ ግን አትሰካ፣ ደውልልኝ። ሁለቱ በአንድ ላይ 60 ዋት ይችላሉ፣ ለልምምድ ይበቃል፣ ለመድረክ አትመናቸው። አምፑንና ሳጥኑን በጊታር ገመድ አታገናኝ፣ ውስጡ ቀጭን ነው፣ ይግላል። ወፍራሙን የስፒከር ገመድ አብሬ አስሬልሃለሁ። ደግሞ ፈረንጁ ከአሜሪካ አምጥቶት ከሆነ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። እኛ አገር 220 ነው። ጀርባውን አንብብ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይደርሳል። የረዳቱን ስልክ እደውልና እነግርሃለሁ። እስከዚያ አታብራው። ለጓደኛህ ላሳየው ብለህም አታብራው።

እናትህ ሳጥኑ ጀርባው ክፍት መሆኑን ስታይ «ባዶውን ይሄዳል እንዴ?» ብላ በሶና ዳቦ ቆሎ ከትታበታለች። ብነግራት አልሰማ አለች። በሁለት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ከመሰካትህ በፊት በሶውን አውጣ፣ ስታወጣም የስፒከሩን ወረቀት በጣትህ እንዳትነካው።

አባትህ
ባሕር ዳር